ወረቀቱ እስኪመጣ ደብተሩ አይታጠፍ

ሺፋ ውስጥ ሁለት ሐበሾች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኢቃማሽ ታደሰ?» ነው። አንዷን ካፊሏ እድሳቱን እያዘገየባት ነው። ሌላዋ ነቅል ከፋላ ጠይቃ መልስ ትጠብቃለች። ሦስተኛዋ ጭራሽ ወረቀት የላትም። ትምህርት ሲነሳ ግን የሁላችንም መልስ አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ወረቀቴ ይስተካከል።»

ይህን መልስ ዛሬ አብረን ደግመን እንየው።

ካናዳና አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን ቋሚ መኖሪያ አመልክተው መልስ ሲጠብቁ «ዩኒቨርሲቲ ልመለስ ወይስ ልጠብቅ?» ብለው ይጨነቃሉ። እነሱ ቢጠብቁ እንኳ የሚጠብቁት ነገር አለ። እዚህስ? ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረችው ልዩ ኢቃማ ለቋሚው 800,000 ሪያል ያስከፍላል። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ እህት አንዲት ሪያል ሳትነካ ብታጠራቅም 66 ዓመት ከ8 ወር ይፈጅባታል። የእኛ ኢቃማ ከአሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ዛሬ ቢታደስ ነገ መልሶ ያልቃል። እንግዲህ «ሲስተካከል እማራለሁ» ማለት፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «አልማርም» ማለት ነው።

ወረቀት አያስፈልግም እያልን አይደለም። ኢቃማ የሌላት ሰው እንዴት እየተሳቀቀች እንደምትወጣና እንደምትገባ እናውቃለን። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የቤት ሠራተኞች ደንብ የኢቃማ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርትሽን መያዝም አይችልም፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍት አለሽ። ይህን መብት እንጠይቅ። ግን ሕይወታችንን በእድሳት ቀን ላይ አንስቀል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. መንፉሃ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። የስንቱ ዕቃ እዚሁ ቀረ! የተማሩትን ግን ማንም አላስቀረባቸውም።

አንድ የሚከነክን ነገር ደግሞ አለ። ብዙዎቻችን የወንድማችንን የኮሌጅ ክፍያ በየወሩ እንልካለን። እሱ ይመረቃል፣ ፎቶው ይመጣልናል፣ ደስም ይለናል። የእኛ ትምህርት ግን ከ10ኛ ወይም ከሁለተኛ ዓመት እንደተቋረጠ ነው። ቤተሰብ መርዳት ክፉ ነው አይባልም። ከምንልከው ላይ ትንሽ ለራሳችን ትምህርት ማስቀረት ግን ስስት አይደለም። ቤተሰብም ይህን መስማት አለበት።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከሰነድ። ዩኒቨርሲቲ አቋርጠሽ ከሆነ እንዴት እንደወጣሽ አስታውሺ። ዊዝድሮዋል ሞልታ፣ ክሊራንስ ጨርሳ የወጣችና ዝም ብላ የጠፋች ተማሪ ሬጅስትራር ፊት እኩል አይደሉም። የመመለሻው ጊዜም ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ዛሬውኑ ይጠየቅ። የተማርሽበት ዘመን የወጪ መጋራት ሒሳብ እንዳለበትም አትርሺ። አገር ቤት ሄዶ የሚጨርስልሽ ሰው ካለ፣ እዚህ ሪያድ ኤምባሲያችን ውክልና መስጠት ይቻላል። የ8ኛ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ካርድሽ የት እንዳለ ቤተሰብ ጠይቂ፤ በስልክ አስነሺና አስቀምጪ፤ ዋናው ግን እዚያው በጥንቃቄ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት አጣሪ። «በስድስት ወር ዲግሪ» የሚል ደላላ «በሁለት ሳምንት ኢቃማ» ከሚለው ደላላ አይለይም። በርቀት ልማር ካልሽ ተቋሙ ለዚያ ትምህርት ፈቃድ እንዳለው የኢትዮጵያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን አስጠይቂ። የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠውም እሱው ነው። እሱ የማይቀበለው ዲግሪ አገር ስትገቢ ግድግዳ ላይ ከመስቀል አያልፍም።

ሦስተኛ፣ ሳትከፍዪም መጀመር ይቻላል። ሒሳብና እንግሊዝኛ የረሳች ካን አካዳሚን በስልኳ በነፃ ታገኘዋለች። ፊሊፒኖች ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርቀት የሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አላቸው። እኛም መንግሥታችንን እንዲህ ያለ በር እንዲከፍትልን መጠየቅ አለብን። እስከዚያው ግን እርስ በርስ እንማማር።

«ስልክ የሚቀሙኝ፣ ዓርብ እንኳ የማልወጣ እኔስ?» የምትል እህት እንዳለች እናውቃለን። ለእሷ «በርቺ» ብለን ብቻ አናልፍም። የእረፍት ቀኗን እንድታገኝ ማገዝ የማኅበራችን ሥራ ነው፤ ደብተርና መጽሐፍ ማድረስም እንዲሁ። 12ኛ የጨረሰች 8ኛ ላይ ያቆመችውን፣ ዓረብኛ የምታነብ የማታነበውን ታስተምር። በዓርብ ሁለት ሰዓት ብንሰጠው በዓመት ከ100 ሰዓት ያልፋል።

ኢቃማው ቢታደስም ባይታደስም ዓመቱ ያልፋል። ሲያልፍ ግን ካቆምንበት ገጽ ቀጥሎ ያለውን አንብበን ያግኘን። በሚቀጥለው ዓርብ ስትመጪ ደብተር ይዘሽ ነይ፤ የሌለሽም ነይ፣ እኛ ጋ አለ።