የመንገዱን ቁመት አሳመርን፣ ወርዱን ረሳን

እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከቤታችን እስከ ደብሩ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ልጅ ሆኜ ነጠላዋን ይዤ የምከተላት መንገድ ነው። ዛሬ ያ መንገድ ሰፍቷል፣ አስፋልቱ ታድሷል፣ መብራት ቆሞለታል፣ መሐል ለመሐል አበባ ተተክሎበታል። እናቴ ግን ከዓመት ወዲህ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አታውቅም። ለምን ብዬ ስጠይቃት የመለሰችልኝ እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ መሄዱንስ እሄዳለሁ፤ መሻገሩ ነው እንጂ።»

የከተማችንን መንገድ ችግር ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ መሐንዲስ የለም።

ለፍትሕ ያህል መልካሙን ላስቀድም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ለእግረኛ ያመጣው ነገር አለ። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ የሄደ ሰው ያየዋል። ትናንት ክዳን የሌለው ጉድጓድ እየዘለልን፣ የቆመ መኪና እየዞርን፣ በክረምት ጭቃ እየተረጨብን የምናልፍበት ዳር ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። የብስክሌት መስመር ተሰምሯል። ማታ ብርሃን አለ። ይህን መካድ ውሸት ነው። (ቤታቸው ፈርሶ ከሰፈራቸው የተነሡትን ወገኖች ጉዳይ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ነገር ግን ሰው በመንገድ ዳር ብቻ አይሄድም። ዳቦ ቤቱ ማዶ ነው። ትምህርት ቤቱ ማዶ ነው። ታክሲ ጠዋት የሚያሳፍረን ወዲህ ከሆነ ማታ የሚያወርደን ወዲያ ነው። በቀን አንዴ እንኳ መንገድ ሳይሻገር የሚውል የአዲስ አበባ ሰው ካለ ከቤቱ ያልወጣ ሰው ነው። መኪናና እግረኛ ፊት ለፊት የሚገናኙትም እዚያው መሻገሪያው ላይ ነው። እኛ ግን የመንገዱን ቁመት ስናሳምር ወርዱን ረሳን። በሬ ሆይ! ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ ማለት ይኼ ነው።

ይህ የአንዲት አሮጊት እናት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በከተማዋ ከሚደረገው የዕለት ጉዞ ከግማሽ በላዩ፣ 54 በመቶ ያህሉ በእግር ነው። 31 በመቶ ገደማው በታክሲና በአውቶቡስ ነው፤ የታክሲ ተሳፋሪም ወርዶ እግረኛ ይሆናል። የግል መኪና ድርሻ 15 በመቶ አካባቢ ነው። በሌላ በኩል ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 400 የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሰው ሲሞት ኖሯል፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። መኪና የሌለው ሰው በመኪና ይሞታል ማለት ነው።

ታዲያ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምንሰማው ቃል ምንድን ነው? «ራሱ ገባበት።» ሹፌሩም ይለዋል፣ ዙሪያውን የቆመውም ይለዋል፣ ሬዲዮም ይደግመዋል። ቀጥሎ ዘመቻ ይታወጃል፤ እግረኛው ይመከራል፣ ይገሠጻል፣ ይቀጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! እግረኛ ጥፋት የለበትም አልልም። ስልኩን እያየ የሚገባ አለ፣ ዜብራው አጠገቡ እያለ አቋርጦ የሚሮጥ አለ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በአንድ ቦታ ላይ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተመሳሳይ መንገድ «ሲያጠፋ» ጥፋቱ የሺው ሰው ነው ወይስ የቦታው? ሰው የሚሻገረው ታክሲ ካወረደው ቦታ ነው። ዜብራው ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ከተሠራ የተሳሳተው ዜብራው ነው።

ዜብራውስ ቢገኝ? ሕጉ ዜብራ ላይ ቅድሚያ የሰጠው ለእግረኛ ነው። እኔ ግን በየዕለቱ ዜብራ ላይ ቆሜ፣ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሹፌር እለምናለሁ። አንዱ ሲያቆምልኝ በጎኑ ሌላው ይወረወራል። ከዚህ ተርፌ ማዶ ስደርስ «ተመስገን» እላለሁ። ሰው በሕግ ለተሰጠው መብት በየቀኑ ተመስገን የሚልበት ከተማ ሠርተናል።

አሁን የምናገረው ኑዛዜ ነው። እኔም መኪና እነዳለሁ። ባለፈው ሳምንት አዲስ በታደሰ ሰፊ መንገድ ላይ ሳላስበው ፍጥነቴ 70 ደርሶ አየሁት። አልቸኮልኩም፣ አልጠጣሁም፤ መንገዱ ነው የወሰደኝ። ሹፌር ፍጥነቱን በታፔላ አይወስንም፤ መንገዱ የሚነግረውን ይሰማል። ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ልስልስ አስፋልት «ርገጥ» ይለዋል። ጠበብ ያለ መስመር፣ ከአስፋልቱ ከፍ ያለ ዜብራ፣ ማጠፊያው ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ ደግሞ «ቀስ» ይሉታል። እኛ መንገዱን «ርገጥ» እያልን ሠርተን ሲያበቃ ሹፌሩን «ቀስ በል» የሚል ታፔላ እንተክላለን።

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ሰው አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 14 ሜትር ላይ ልጅ ቢገባበት፣ ፍሬን መያዝ የሚጀምረው ልጁ ጋ ሲደርስ ነው። አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማው ደህና ቢሆን እንኳ ፈጽሞ ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ያው መኪና በ30 ቢሄድ ኖሮ 13 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ይቆም ነበር። ልጁ ይደነግጣል፣ ሹፌሩ ይሳደባል፣ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ ስጋት በ4 በመቶ ይጨምራል ይላል።

ሁለተኛው ስሌት የእናቴ ነው። እንደ እሷ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በሰከንድ ከ80 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይራመድም። እያንዳንዱ 3 ሜትር ተኩል የሆነ አራት መስመር ለማቋረጥ 14 ሜትር መሄድ አለባት። ይህ 17 ሰከንድ ተኩል ነው፤ ከሁለቱም አቅጣጫ ለሚመጣ መኪና የተጋለጠ። መስመሮቹን ወደ 3 ሜትር ብናጠባቸውና መሐል ላይ ቆማ የምትተነፍስበት ማረፊያ ብንሠራ በአንድ ጊዜ የምታቋርጠው 6 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ 7 ሰከንድ ተኩል። ያውም የምታየው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። መንገዱ ያው መንገድ፣ መስመሩም ያው አራት መስመር ነው።

«ድልድይ ተሠርቷል እኮ!» የሚል ይኖራል። የቀለበት መንገድን አስታውሱ። በ1990ዎቹ በከተማችን የተዘረጋ፣ በግንብ የተከፈለ ፈጣን መንገድ ነው። እግረኛው በድልድይ ላይ ይሻገር ተባለ። ድልድዮቹ ተራርቀው ቆሙ፤ ሰው ግን ግንቡን እየዘለለ ማለፉን ቀጠለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ብዙ ሰፈር ለሁለት ከፍሎ፣ ማዶና ማዶ ሲተያይ የኖረውን ጎረቤት በአጥር ለያየው። ድልድይ ማለት መኪናው ሳይደክም እግረኛው ደረጃ ይውጣ ማለት ነው። ጀርባዋ ላይ እንጨት ያዘለች እናት፣ ሆዷ የገፋ ነፍሰ ጡር፣ ክራንች የያዘ ወጣት፣ ዊልቸር ላይ ያለ ወገን ያን ደረጃ እንዴት ይውጡት? ሞተር ያለው ቀጥ ብሎ እየሄደ፣ ጉልበት የሌለው አቀበት እንዲወጣ የሚፈርድ ንድፍ እንዴት ያለ ንድፍ ነው?

«መኪናውን ካዘገያችሁት ከተማው ይጨናነቃል» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጊዜያችን የሚባክነው ማቋረጫ ላይ ተሰልፈን ስንጠብቅ ነው። በሁለት መብራት መካከል በ70 የበረረ ሹፌር የሚያተርፈው ቀዩን መብራት ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ ነው። ለዚያች ትርፍ ነው ሰው የሚሞተው።

ገንዘብም ሰበብ አይሆንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገሃር መስቀለኛው ላይ የሆነውን ያየ ያውቃል። ትርፍ አስፋልቱ በቀለምና በአበባ ማስቀመጫ ተከልሎ ለእግረኛ ተሰጠ፣ የመኪና ማጠፊያው ጠበበ፣ መሻገሪያው አጠረ። መርካቶ አጠገብ ሰባተኛ ላይም እንዲሁ ተሞክሯል። ዕውቀቱ ከተማው ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የተዘጋጀ የከተማዋ የእግርና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂም አለ። ለእምነ በረድና ለመብራት ምሰሶ ገንዘብ ያላጣ ከተማ ለቀለም ቸገረኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ ዜብራ ሰው በሚሻገርበት ቦታ ይሁን። ታክሲ ማቆሚያ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ባለበት ሁሉ በመሬት ላይ መሻገሪያ ይኑር።

ሁለተኛ፣ ዜብራው ከእግረኛ መንገዱ እኩል ከፍ ይበል። እግረኛው ወደ መኪናው መንገድ ከሚወርድ፣ መኪናው ወደ እግረኛው መንገድ ፍጥነቱን ቀንሶ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ በሰፊ መንገድ ሁሉ መሐል ላይ ማረፊያ ይሠራ፤ መስመሮቹም ለከተማ በሚበቃ ልክ ይጥበቡ።

አራተኛ፣ የትራፊክ መብራት ለእግረኛ የሚሰጠው ጊዜ በአሮጊት እርምጃ ይለካ።

አምስተኛ፣ በእያንዳንዱ የታደሰ ኮሪደር ላይ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ ስንት ሰው እንደሞተና እንደተጎዳ ለሕዝብ ይነገር። የስንት ኪሎ ሜትር እግረኛ መንገድ ምረቃ ሰምተናል፤ ይህንንም እንስማ።

ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ አይሁን። ለቅሶ ከተደረሰ በኋላ የምትጣል የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ናት።

ወዳጆቼ፣ ነገ ጠዋት ከቤት ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ሰፈራችሁ ካለው ትልቅ መንገድ ዳር ቁሙና አንድ ሽማግሌ ወይም አንድ ተማሪ ማዶ እስኪደርስ ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ። ከዚያ ቦታውንና ቁጥሩን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ሰብስቤ ለሚመለከታቸው አደርሳለሁ።

እኛ ሰፈር መንገዱ መሐል ያለው አበባ በየማለዳው ውሃ ይጠጣል። መኪና እንዳይነካውም ዙሪያውን በድንጋይ ጠርዝ ተከልሏል። እናቴ የምትጠይቀው ከዚህ አይበልጥም፤ መንገዱ መሐል ስትደርስ ለአበባው የተደረገው ጥንቃቄ ለእሷም ይደረግላት።