የጓሮ መጥበሻ ሲሠራ የማን ቁመት ይለካ?

በዓል ወይም ሠርግ ሲቃረብ በቀብሪበያ፣ በጅጅጋም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ከአንዳንድ ግቢዎች የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። አንድ አሮጌ በርሜል ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አራት እግር ይበየድለታል፤ ከላዩ የብረት ፍርግርግ ይጋደምበታል፤ ከዚያም የሥጋ መጥበሻ ተሠራ ይባላል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ከመግዛት ይልቅ በእጅ መሥራት ገንዘብ ይቆጥባል፤ ለቤቱም እንደሚስማማ አድርጎ ለማበጀት ያመቻል። በትርፍ ጊዜው መጋዝና መዶሻ ይዞ ለቤተሰቡ የሚደክም አባወራ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሥራው ከተጀመረ አንስቶ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ጥያቄ አለ። መጥበሻው ፊት ለሰዓታት ቆማ እሳቱን የምትጠብቀው፣ ማገዶውን የምታቀርበው፣ በማግሥቱም አመዱን የምትጠርገው ማን ናት? በአብዛኛው ቤት እናት ናት፤ እሷ ካልሆነችም ሴት ልጇ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ታዲያ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት የእሷን ቁመት የለካ፣ ሐሳቧንስ የጠየቀ አለን? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ግንባታ ለሴቶች እንግዳ ሙያ አይደለም። በሶማሌ አርብቶ አደር ቤተሰብ ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓጓዘውን ቤት፣ አቃሉን፣ የምትተክለውም የምትነቅለውም ሴቷ ናት። በሌላውም የአገራችን ክፍል ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ስትሆን፣ ምድጃውን በጭቃ እየመረገች የምታበጀው የቤቱ እመቤት ናት። ነገሩ የተለወጠው ጭቃው በብረትና በብየዳ መተካት ሲጀምር ነው። የሚሠራው አንድ ሰው፣ የሚገለገልበት ሌላ ሰው ሆነ። በዚህም ምክንያት መጥበሻው ለዓይን ያማረ፣ ለወገብ ግን የማይመች ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የሚነሳው የማገዶ ጉዳይ ነው። ቀብሪበያ ከጅጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዛፍ በሚያንስበት ሜዳማ አገር የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ከተቋቋመባት ወዲህ ማገዶ ፈላጊው በእጅጉ በዝቷል። በመጠለያው ይኖሩ የነበሩ ሴቶችና ልጃገረዶች እንጨት ለመልቀም ለሰዓታት ይጓዙ ነበር፤ በመንገድም ለድብደባና ለመደፈር አደጋ ይጋለጡ ነበር። ከአካባቢው ነዋሪ ጋርም በእንጨት ምክንያት ጠብ ይነሳ ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል ጋያ ማኅበር የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር በመሆን በኢታኖል የሚሠሩ ምድጃዎችን በመጠለያው አከፋፍሏል። ኢታኖሉ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ማለትም ከሞላሰስ፣ የተመረተ ነበር። ማኅበሩ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 የአሽደን ሽልማትን አግኝቷል።

ከዚህ የምንማረው ምድጃ የማብሰያ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ነው። ያለ አግባብ የሚነድ እያንዳንዱ ፍልጥ አንዲት ሴት የተሸከመችው ወይም ከቤተሰቡ ወጪ የተገዛ ነው። ስለሆነም የጓሮ መጥበሻ ስንሠራ በመጀመሪያ ማሰብ ያለብን ማገዶ ቆጣቢነቱን ነው። ምርጥ የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን በግማሽ ያህል የሚቀንሰው እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ግን ሰፊና ክፍት በመሆኑ ሙቀቱ በነፋስ ይወሰዳል፤ የቤቱ እመቤትም እንጨት ስትጨምር ትውላለች።

ጭሱም ሊታሰብበት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ ማብሰያ በሚወጣ ጭስና ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ከቤት ውጭ ማብሰል ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ልጅ አዝላ እሳቱ ላይ ጎንበስ ለምትል እናት ጓሮም ቢሆን ጭሱ ያው ጭስ ነው።

እነዚህን ሁሉ አገናዝቦ ለመሥራት የሚከተለው አሠራር ይረዳል።

በመጀመሪያ ቁመት ይለካ። ዘወትር የምትጠብሰው ሰው በቤት ጫማዋ ቀጥ ብላ ትቁም፤ ክንዷንም ትጠፍ። ከመሬት እስከ ክርኗ ያለው ይለካና ፍርግርጉ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ለምሳሌ ክርኗ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ፍርግርጉ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋት ከ50 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበለጠ የኋለኛውን ሥጋ ለመገልበጥ እሳቱ ላይ መንጠራራት ይመጣል።

ቦታውን ስንመርጥ ከቤት ግድግዳ፣ ከማድቤትና ከእሾህ አጥር ቢያንስ 3 ሜትር መራቁን እናረጋግጥ። በሜዳማ አካባቢ ነፋስ ስለሚበረታ የመጥበሻው ጀርባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይሁን። የጀርባው ግድግዳም ከፍርግርጉ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

መጥበሻው ሁለት ክፍል ቢኖረው ማገዶ ይቆጥባል። በአንደኛው ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠባብ ማንደጃ ይሠራል፤ በሌላው ጎን 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው መጥበሻ ይሆናል። እንጨቱ የሚነደው በማንደጃው ውስጥ፣ ከታች አየር እንዲያገኝ ከወለሉ ከፍ ብለው በተጋደሙ ብረቶች ላይ ነው። ፍሙ ወደ ታች ሲወርድ በመቆስቆሻ ብረት እየተሳበ በሥጋው ሥር ይነጠፋል። በፍሙና በፍርግርጉ መካከል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል። በዚህ ዓይነት ሥጋው በነበልባል ሳይለበለብ በፍም ይበስላል፤ ስቡ ተንጠባጥቦ የሚያስነሳው ጭስም ይቀንሳል። በማንደጃው አናት ላይ ድስት ወይም የሻይ ማንቆርቆሪያ ቢጣድበት ያው እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል።

ለግንባታው ድንጋይ፣ ጡብ ወይም ብሎኬት መጠቀም ይቻላል። እሳቱ በቀጥታ የሚያገኘው የውስጥ ገጽ ግን በሸክላ ጡብ ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጭቃ ይሸፈን፤ ተራ ሲሚንቶ በእሳት ይሰነጣጠቃልና። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ በውስጡ እርጥበት ስለሚይዝ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ለጭቃው አንድ እጅ የሸክላ አፈር፣ ሁለት እጅ አሸዋና የደቀቀ ጭድ ይቀላቀላል። ከዚሁ ትንሽ ጠፍጥፎ በማድረቅ መሞከር ያስፈልጋል፤ ከተሰነጠቀ አሸዋ፣ ከተፈረፈረ አፈር ይጨመርበታል። ይህን የጭቃ ነገር ከእናቶች የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ ሥራውን ለእነርሱ መተው ተገቢ ነው።

ፍርግርጉ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ብረት ቢሆን ይበረታል፤ ለማጠብም ይቀላል። በብረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ብረት ሲግል ስለሚለጠጥ ፍርግርጉ ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፤ እንዲነሳ ሆኖ ይቀመጥ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ሽቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲግል የሚወጣው የዚንክ ጭስ ሰውን ያሳምማልና።

በርሜል ለመጠቀም የወሰኑ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው በውስጡ ምን እንደነበረ ይጠይቁ። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ መርዝ የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይውልም። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ዘይት የነበረበት ደግሞ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት የብየዳ እሳት ወይም የመቁረጫ ፍንጣሪ ሲነካው ይፈነዳል። ይህ ሠሪውንም በአጠገቡ የቆሙትን ልጆችም የሚገድል አደጋ ነው። እንዲህ ያለውን በርሜል በጓሮ ከመቁረጥ ይልቅ ተቆርጦና ጸድቶ የተዘጋጀ ብረት መግዛት ይሻላል።

ግንባታው ሲያልቅ በዚያው ቀን ለመጥበስ መጣደፍ አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም? ፀሐይ በአንድ ጊዜ እንዳያደርቀው በጆንያ ተሸፍኖ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ፤ ስንጥቅ ከታየ በጭቃ ይደፈን። ከዚያም ለሦስትና ለአራት ቀናት ትንሽ ትንሽ እሳት ይንደድበት። እርጥብ ጭቃ በድንገት ሲግል ይሰነጠቃል።

ማገዶው ደረቅ ይሁን። አዲስ የተቆረጠ እንጨት እስከ ግማሽ የሚሆን ክብደቱ ውኃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ምግቡን ከማብሰሉ በፊት ያንን ውኃ ሲያተን ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ጭሱም ይበዛል። እንጨቱ ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎና ከዝናብ ተከልሎ ይቀመጥ። ቀለም የተቀባ እንጨትና ፕላስቲክ አይማገዱ። ፍሙ መድረሱን ለማወቅ መዳፍን በፍርግርጉ ከፍታ መዘርጋት ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሴኮንድ መታገሥ ከተቻለ ለሥጋው የሚስማማ መካከለኛ ሙቀት ነው።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት እንበል። ሰፊ ድሪያና የተንዘረፈፈ ሻሽ እሳት በቀላሉ ስለሚይዛቸው እሳቱ ዘንድ ሲቀርቡ ሰብሰብ አድርጎ ማሰር ይገባል። ልጆች እንዳይጠጉ በመጥበሻው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል በድንጋይ ይከለል፤ አንድ ባልዲ ውኃና አሸዋም በአጠገብ ይኑር። እሳቱን ለማቀጣጠል ላምባ ወይም ቤንዚን ማርከፍከፍ ክልክል ነው። የተረፈውን ፍም ክፍል ውስጥ አስገብቶ መሞቅም ሽታ በሌለው ጋዝ ታፍኖ ለመሞት ይዳርጋል። ሰው ከተቃጠለ ቁስሉ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት፤ ቅቤ፣ ሊጥም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀባ። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እንዲህ ሆኖ የተሠራ መጥበሻ ለአንድ ቤት ብቻ መሆን የለበትም። በአረፋ በዓል የእርዱ ሥጋ ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ጎረቤት፣ ለችግረኛም እንደሚከፋፈል ሁሉ እሳቱንም መጋራት ይቻላል። ሦስት ቤት በየፊናው ሦስት እሳት ከሚያነድድ በአንዱ ግቢ ተሰባስቦ ተራ በተራ ቢጠብስ ማገዶውም ይቀንሳል፤ ድካሙም ይቀላል።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው እንደሚባለው ሁሉም በሚችለው ቢሰማራ መልካም ነው። ብረቱን የሚችል ብረቱን ይቁረጥ፤ ጭቃውን የምታውቅ ጭቃውን ታብኩት፤ ልጆችም ጡብ ያቀብሉ። ልኩን ግን የምትቆምበት ትስጥ። የመጀመሪያው ሥጋ ተጠብሶ ሲቀርብ እንግዶቹ ጣዕሙን ያመሰግኑ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ግን እሷን ወገቧን አመማት፣ ዓይኗን ለበለባት እንደሆነ ይጠይቃት። «ተስማምቶኛል» ካለች ሥራው በእርግጥ ተጠናቋል።