ለገበሬው የሚጻፍ መመሪያ አስቀድሞ ማሳ ላይ ይፈተን

የክረምቱ ዝናብ ሲቃረብ በየገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የፀረ ተባይ መመሪያዎች መለጠፋቸው የተለመደ ነው። የወረቀቱ መብዛት ግን ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ «ማዳበሪያው በወቅቱ፣ በአግባቡና በሚፈለገው መጠን መጨመር ይኖርበታል» በሚል ዓይነት ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። ወቅቱ መቼ ነው? አግባቡስ እንዴት ነው? መጠኑ ስንት ነው? ገበሬው ወረቀቱን ለማየት የመጣው እነዚህኑ ለማወቅ ሲሆን ጽሑፉ ግን ጥያቄውን መልሶ ለራሱ ያስረክበዋል።

ዩሪያን ለምሳሌ እንውሰድ። ለበቆሎ የሚጨመረው ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ፣ ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ነው። መሬቱ እርጥበት ሊኖረው ይገባል። ማዳበሪያው ከአገዳው ጥቂት ራቅ ተደርጎ ይጨመርና ወዲያው አፈር ይለብሳል። ላይ ላዩን ተበትኖ ከቀረ ከናይትሮጂኑ ከፊሉ ወደ አየር ይተናል። ይህ ምክንያት በአንድ መስመር ቢጻፍ ገበሬው አፈር ማልበሱን እንደ ትርፍ ድካም አይቆጥረውም።

መጠኑም እንዲሁ ነው። «በሄክታር 100 ኪሎ» የሚለው ለባለሙያ ግልጽ ነው፤ በየቦታው የተበታተነ ሁለት ሦስት ጥማድ ለሚያርስ ገበሬ ግን የሒሳብ ፈተና ይሆንበታል። በብዙ አካባቢ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ስለሚባል 25 ኪሎ፣ ማለትም የ50 ኪሎው ጆንያ ግማሽ ይደርሰዋል። 50 ሜትር በ50 ሜትር በሆነ ማሳ ላይ በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር የተዘራ በቆሎ 67 ያህል መስመር ይኖረዋል፤ ስለዚህ ለአንዱ መስመር 370 ግራም ገደማ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ተመዝኖ ጣሳ ላይ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ሚዛን አያስፈልግም። መመሪያው እዚህ ድረስ ካልወረደ አንዱ መስመር ጠግቦ ሌላው ይራባል። የጥማድ ስፋት ከአገር አገር ስለሚለያይም ጸሐፊው የአካባቢውን ልክ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ የከፋው የማስጠንቀቂያ ነገር ነው። ለነቀዝ የሚደረገው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ሥልጠና በሌለው ሰው እጅም መግባት የለበትም። «ክኒኑን እህሉ ውስጥ ጨምር፣ አፉን ዝጋ» ብሎ ጀምሮ «ሰው በሚያድርበት ቤት ክልክል ነው» የሚለውን መጨረሻ ላይ የሚያሰፍር ወረቀት ባይጻፍ ይሻል ነበር። አንባቢው አንዱን መስመር እያነበበ አንዱን እየሠራ ነው የሚሄደው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ክኒኑ ጎተራ ገብቷል። ክልከላው ከሥራው በፊት፣ በትልቅ ፊደል መጻፍ አለበት።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩት ገበሬዎች ዛሬ ሸምግለው ዓይናቸው ደክሟል። ብዙውን ጊዜ የሚያነብላቸው ተማሪ ልጃቸው ነው። ልጁ በአንድ ትንፋሽ የማይጨርሰውን ዓረፍተ ነገር አባቱ በቃሉ ይዞ ማሳ ሊያደርሰው አይችልም። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሥራ ቢያዝ ይበቃዋል።

የማኅበር መሪዎች በዚህ ረገድ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ሥልጠናው ላይ ያልነበረ አንድ ገበሬም በማዳበሪያው ፈንታ አሸዋ ይዞ የተነበበውን ማሳ ላይ ይሥራ። ጸሐፊው አጠገባቸው ይቁም፣ ግን አንዲት ቃል አይተንፍስ። ገበሬው ቆም ብሎ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ የወረቀቱ ጉድለት ነው እንጂ የገበሬው አይደለም። አንዳንድ ባለሙያ ይህ ጊዜ ይፈጃል ይል ይሆናል። እርግጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በተሳሳተ መመሪያ የተበላሸ ማሳ ግን እስከሚቀጥለው ክረምት አይታረምም።

ማኅተሙ በሊቀ መንበሩ እጅ ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ወረቀት ሳይታተምበት ለጻፈው ክፍል ይመለስ፤ የነቀዙ ክኒን መመሪያም እህሉ ጎተራ ከመግባቱ በፊት፣ ገና በመስከረም ይታይ።