ከቄጠማው ሥር ያለው ካርቦን ይቆጠር

ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የሥራ ኃላፊዎች



የበዓል ዋዜማ እቅፍ ሙሉ ቄጠማ ገዝቶ ቤቱን የጎዘጎዘ ሰው በማግስቱ ጠርጎ ያወጣዋል። ቄጠማው የታጨደበትን ረግረግ ግን የሚያስታውስ የለም። ይህ ደብዳቤ ስለዚያ ረግረግ፣ በተለይም ከሥሩ ስላለው ጥቁር ጭቃ ነው።

የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ጨፌ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ያየ ገበሬ ቢስቅ አይፈረድበትም። ሰውዬው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የብረት ቱቦ በመዶሻ እየመታ ጭቃው ውስጥ ይሰካል። ቱቦው ሲመዘዝ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይከተለዋል። አፍንጫ ለሚያሲዘው ሰው መጥፎ ነው፤ ለተመራማሪው ግን የምሥራች ነው፤ ኦክስጅን እዚያ ታች አልደረሰም ማለት ነዋ! ኦክስጅን ካልደረሰ የሞተው ሥርና ቅጠል ቶሎ አይፈርስም፤ ካርቦኑን እንደያዘ ዓመት በዓመት ላይ ይደራረባል። ጭቃው በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርቆ ይመዘናል፤ ካርቦኑም ለብቻው ይለካል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ምን ያህል መጠን ያለው አፈር ስንት እንደሚመዝን ሳይታወቅ የካርቦኑን መቶኛ ብቻ መጻፍ፣ ኩንታሉን ሳይመዝኑ ስለ እህሉ ዋጋ እንደ መከራከር ነው።

በዓለም ላይ አፈር እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ብቻ የያዘው ካርቦን 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይገመታል። በአየር ውስጥ ካለው ይበልጣል።

ረግረግ ሚቴን እንደሚያወጣ እውነት ነው፤ ሒሳቡ ሲሠራ እሱም አብሮ መግባት አለበት። ቦይ ሲቀደድ ግን ውሃው ይወርዳል፣ አየር ይገባል፣ ለዘመናት የተኛው ካርቦንም ወደ ሰማይ ይወጣል። በኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ፣ ገበሬው ጨፌውን የሚያጠነፍፈው ስላላወቀ አይደለም። የዳገቱ እህል ሳይደርስ ክረምት ላይ ጎተራ ባዶ ሲሆን፣ ከረግረጉ የሚሰበሰበው በቆሎ ቤተሰብ ያሻግራል። ከዚህም በላይ፣ አዝመራውን ሲሰበስብ ቦዩን ደፍኖ ውሃው እንዲመለስ የሚያደርግ ገበሬ አለ። በዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ግምት፣ ይህን ዕውቀት ሳይጠይቅ የሚወጣ መመሪያ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የአፈር ጉዳይ የረግረግ ብቻ አይደለም። ወደ ደኑ ስንመጣ፣ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት ዲግሪ ባቀረበው ጥናት የደቡብ ጎንደርን 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች መርምሮ 168 እንጨታማ የዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግቧል። የአፈሩ ምርመራ ያሳየው ነገር ደግሞ ያስደነግጣል፤ አብዛኞቹ የዛፍ ዝርያዎች በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚጠብቅ ዘር የላቸውም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ አፈሩን ቆፍሮ ዘር መፈለግ ከንቱ ነው። ያገሬው ሰው ከቀሳውስቱ ጋር ሆኖ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ መካቡ፣ ከብቱ ቡቃያውን እንዳይግጥ ብሎ ነው። ካቡ ውስጥ ያለው አፈርና ከካቡ ውጭ ያለው የእርሻ አፈር እጅ ውስጥ ሲገቡ ልዩነታቸው ያለ መሣሪያም ይታወቃል፤ አንዱ እንደ ቡና አተላ ይልማል፣ ሌላው ይጠጥራል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ችግኝ መቁጠር ክፉ አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ጽሕፈት ቤት ያቀረበችው የደን ልቀት መነሻ ሒሳብ ግን ግንዱን፣ ሥሩንና የደረቀውን እንጨት ቆጥሮ የአፈሩን ካርቦን ትቶታል። ያኔ በቂ መረጃ አልነበረም ቢባል ያስማማል። እስከ መቼ ግን?

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቁጥር 299/1995 በእጃችሁ ነው። ረግረግ የሚያጠነፍፍ ወይም ምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ የሚተክል ፕሮጀክት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ የአፈሩ ካርቦን ከነጥልቀቱና ከነክብደቱ ተለክቶ ከሰነዱ ጋር እንዲቀርብ አድርጉ። የተለካውም ቦታ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይለካ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ብለው ከየጨፌው የሰበሰቡት ቁጥር መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ፣ አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ ለሕዝብ ይከፈት።

ከመጪው ክረምት የተከላ ዘመቻ በፊት፣ ችግኝ የማይተከልባቸውን ረግረጎች ዝርዝር በየወረዳው ለጥፋችሁ አሳውቁን።