ቁጥሩ የመንገዱ ነው ወይስ የመኪናው?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በስልኩ አፕ የለካውን የመንገድ ውጤት ላከልኝና «ቲቸር፣ መንገዳችን እኮ ደህና ነው» አለኝ። እኔ በዚያው መንገድ ጠዋትና ማታ በሚኒባስ ነው የምመላለሰው፤ ወገቤ የሚለኝ ሌላ ነው። «በምን ሄድክ?» አልኩት። በአዲስ ላንድክሩዘር። በቃ፣ መልሱ እዚያው ነው።

በስልክ የምንለካው የመኪናውን ንዝረት እንጂ መንገዱን አይደለም። ሞላው ሲያረጅ፣ የጎማው ነፋስ ሲቀንስ፣ ፍጥነቱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ችግሩ የቆየ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ ድጋፍ ብራዚል ውስጥ ትልቅ ሙከራ የተደረገው የየአገሩ ልኬት አልመሳሰል ስላለ ነው። ከዚያ የወጣው አይአርአይ የሚባለው መለኪያ መኪናውን ለሁሉም አንድ አደረገው፦ በቀመር የተሠራ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የሐሳብ መኪና። ውጤቱ በሜትር በኪሎ ሜትር ይነገራል፤ ሲያንስ መንገዱ ልስልስ ነው።

ለዚህ ግን መጀመሪያ የመንገዱ ትክክለኛ ቅርፅ ያስፈልጋል። በዋናው የቅኝት መኪና ላይ ሌዘሩ እስከ አስፋልቱ ያለውን ርቀት ይለካል፤ አክስለሮሜትሩ ደግሞ መኪናው ራሱ ስንት እንደዘለለ ይነግረናል። የመኪናውን ዝላይ ስንቀንስ መንገዱ ይቀራል። ቆንጆ ሐሳብ ነው! ግን ከአክስለሬሽን ወደ ርቀት ለመድረስ ሁለቴ ኢንቲግሬት ይደረጋል፤ ትንሿ ስህተት እየተጠራቀመች ታድጋለች። ቀስ ሲባል፣ ፍሬን ሲያዝ፣ ቆም ሄድ ሲባል ይብሳል። የከተማ መንገዳችን ደግሞ ሌላ ምን አለው?

ሌላም አለ። ሹፌር ጉድጓድ ሲያይ ይሸሻል። ሌዘሩም አብሮ ይሸሻል። ያኔ የተመዘገበው የመንገዱ ጤና ሳይሆን የሹፌሩ ችሎታ ነው።

በመኪና መለካት ይቅር እያልኩ አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በሌቭልና በስታፍ ማን ይጨርሰዋል? እኔ የምለው፣ አንድን መንገድ ደጋግመው ይለኩት፤ አጭር ክፍሉን በሌቭል ለክተው ያመሳክሩት፤ ከቁጥሩ ጋር ፍጥነቱንና ስንት ጊዜ እንደተለካ ይጻፉልን። የቱ መንገድ ቀድሞ ይጠገን ሲባል የሚታየው ይሄ ቁጥር ነው። በስህተት «ደህና» የተባለ መንገድ ወረፋው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ምጥ የያዛት እናት ግን በዚያው መንገድ ነው ወደ ሆስፒታል የምትሄደው።

ልጆች፣ ላብራቶሪ ውስጥ አንዴ ለክታችሁ ስትመጡ «ድገሙት» ስላችሁ ትበሳጩብኝ ነበር አይደል? አሁንም ያው ነኝ። ድገሙት።