ሕግን ለተማሪዎች ስለ ማስተማር

ሕግ የሰውን ሥራ የሚመዝን ሚዛን ነው፤ ሚዛኑን ሳያውቅ የሚመዘን ሰው ግን ቢጐድልበት በዳኛው ማዘኑ አይቀርም። ስለዚህ ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ሕጉን የማስታወቅ ዕዳ አለበት፤ ይህም ዕዳ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ለልጆች ነው።

በቀድሞ ዘመን ልጅ ሕግን የሚማረው በዐደባባይ ነበር። ዳኛ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያስችል፥ ከሳሽና ተከሳሽ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ፥ ብላቴናው ቆሞ ይሰማ ነበር። በቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ፍትሐ ነገሥት በጉባኤ ሲተረጐም ኖሯል። ሆኖም ያ ዘመን ሁሉ ነገሩ የሚመሰገን አልነበረም፤ ሌባሻይ በሚባለው ልማድ መድኃኒት አጠጥተው ሌባ ፍለጋ የሚነዱት ትንሽ ልጅ ነበርና፥ ሕፃኑ የፍርድ መሣሪያ እንጂ ፍርድ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም።

ዛሬ ሕጉ ተጽፏል። ከ1923 እና ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጎች በኋላ በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው በጎልማሳ ቅጣት አይቀጣም፥ ከጎልማሳ ወንጀለኛም ጋር አይታሰርም፤ ዳኛው እንደ ጥፋቱ ወቀሳን፥ በጥብቅ ክትትል መማርን፥ በተማሪ ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየትን፥ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ መግባትን ያዝዝበታል። 15 ዓመት ያለፈው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ 18 ዓመት እስኪሞላው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፥ የሞት ፍርድም አይፈረድበትም። ሕግን አላውቅም ማለት ደግሞ ለማንም መከላከያ አይሆንም።

እንግዲህ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ትናንት በልጅ ሥርዓት ይዳኝ የነበረው፥ ዕድሜው 15 ዓመት ባለፈ ማግስት በጎልማሳ ሕግ ይያዛል፤ ይህንንም የነገረው የለም። በአዊ ብሔረሰብ ዞን ከገጠር ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ ለትምህርት የሚመጣው ልጅ ስንቁን ይዞ፥ ቤት ተከራይቶ፥ ከወላጆቹ ርቆ ይቀመጣል። በገበያ ቀን የተነሣ ጠብ፥ ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ለጓደኛው ያስቀመጠው ዕቃ፥ በጨዋታ የተሰነዘረ ዱላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንጀል ይሆንበታል። የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ ነው፤ ከአገሩ ርቆ በሰው ደጅ የሚያድረው ልጅ ቢያዝ ማን ይቆምለታል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን አስቦ፥ ልጁ ወዲያው ወደ ቅርቡ ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዲጠራ፥ የሚቆምለት ቢታጣ ጠበቃ እንዲሰጠው፥ ነገሩም በዝግ ችሎት እንዲሰማ ደነገገ። ልጁም መምህሩም ካላወቁት ግን የተጻፈው ጥበቃ በመጽሐፍ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል።

ልጅ መብቱን ካወቀ ይደፍራል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በሕግ አምላክ ሲባል እጁን የሚሰበስብ ሰው ሕጉን ስለ ፈራ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ እርሱንም እንደሚጠብቀው ስለሚያምን ነው።

ስለዚህ ትምህርቱ ተማሪው 15 ዓመት ሳይሞላው፥ በአገውኛና በአማርኛ፥ ልጅ በሚገባው ቃል ሊሰጥ ይገባል። ዳኛው፥ ዐቃቤ ሕጉና ፖሊሱ ወደ ተማሪ ቤት እየመጡ ሥራቸውን ቢያስረዱ፥ ተማሪዎችም ዳኛና ጠበቃ ሆነው ችሎትን ቢለማመዱ፥ ብዙ ይጠቅማል። የአገር ሽማግሌዎች ዕርቅ የተከበረ ቢሆንም የነፍስ ግድያን የመሰለ ከባድ ወንጀል በዕርቅ ብቻ ከክስ እንደማያመልጥ ልጆች ሊያውቁ ይገባል፤ ደም በደም መመለስም ሌላ ወንጀል መሆኑ ይነገራቸው። ካህናትም በዐውደ ምሕረትና በየጉባኤ ቤቱ ይህን ቢያስተምሩ ቃላቸው ከማንም ይልቅ ይሰማል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ልጆች ከትምህርት ተለይተዋልና፥ ተማሪ ቤት ላልደረሱትም ትምህርቱ በደብሩና በቀበሌው ሊደርሳቸው ይገባል።

የባለሥልጣኑ ድርሻ ግን ከማስተማር ያልፋል። ልጅ ከጎልማሳ ተለይቶ ይያዛል ተብሎ በጧት የተማረ ተማሪ፥ ከቀትር በኋላ ጓደኛውን ከጎልማሶች ጋር ታስሮ ቢያየው፥ የሚያምነው ያየውን ነው። ስለዚህ የሕግ የመጀመሪያው መምህር ሕጉን የሚፈጽመው ሹም መሆኑን እያንዳንዱ በየሥራው ቦታ ሊያስብበት ይገባል።