ለሐምበርገር የቱን ዕቃ እንግዛ?

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ሐምበርገር ሥሩልን» ማለት ጀምረዋል። ሱቅ ስንገባ ደግሞ ሥጋ በክብ የሚያወጣው መጭመቂያ፣ የኤሌክትሪክ መጥበሻው ሁሉ ተደርድሮ ያስጎመጃል። እኛስ ይቅር እንላለን። ሥጋውን እጅ ያድበለብለዋል፤ መሐሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ ካደረጉት ሲበስል አያብጥም።

ገንዘቡ ለወፍራም የብረት መጥበሻ ይዋል። ስስ መጥበሻ ሥጋው ሲያርፍበት ቶሎ ይበርዳል፤ ሥጋውም መጠበሱ ቀርቶ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ሰፊ መገልበጫም ያሻል፤ መጥበሻው ቴፍሎን ከሆነ ግን የእንጨት ይሁን፣ ብረት ይፍቀዋል። ሁለቱም ለሥጋ ብቻ ይለዩ፤ በዚህ አገር ልማድ ቀይ ምልክት የበሳሪ፣ ሰማያዊ የሐላቪ ነው። በቴሌቪዥን የሚታየው አይብ ያለበት ሐምበርገር በኮሸር ቤት እንደማይገባ ለልጆች ቀድሞ መንገር ይሻላል፤ ኋላ ያከራክራል።

ሦስተኛው የሥጋ ቴርሞሜትር ነው። አባቶቻችን ጎረቤት ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ እጃቸውን አይዘረጉም ነበር። ሐምበርገር ግን ላዩ ጠቁሮ መሐሉ ጥሬ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋ ሲፈጭ ደግሞ በላዩ የነበረው ጀርም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሕፃናትንና አረጋውያንንም አብዝቶ ይጎዳል። ቀለሙን አንመን፤ ቡናማ መስሎ ያልበሰለ አለ። መሐሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ እናውጣው።